ጉድጓዱን የሚያውቀው ሰው

ገዳሙ ቀንቶ ነበር። ማለሳለስ አያስፈልግም። ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ሁለት ሴት ልጆች የዳረ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ በስሙ የሚጠራው መካኒክ፣ በአንድ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ቀንቶ ምግብ አልወርድ ብሎት ከረመ። ሰው «ምነው ከሳህ?» ሲለው «ጨጓራዬ ነው» ይላል። ኧረ ምን ጨጓራ! ጨጓራው ዓለምነው ነበር።

ዓለምነው የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። አዲስ አበባ አራት ዓመት ሠርቶ አምና በጥቅምት እዚህ ጋራዥ ሲቀጠር አንድ ሣጥን ሙሉ መፍቻና አንዲት ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ላፕቶፗን በገመድ ከመኪናው ጋር ያገናኛታል፤ እሷም መኪናው የታመመበትን ቦታ በጽሑፍ ትነግረዋለች። ገዳሙ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮፈን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጆሮው ነው በሽታ የሚያውቀው። መጀመሪያ ሰሞን «ይሄ ደግሞ ፊልም ሊያሳየን ነው የመጣው?» እያለ ሲቀልድ ሁሉም ይስቁለት ነበር። በገና ሳቁ ቀነሰ። በፋሲካ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «ያ ልጅ አለ?» ማለት ጀመረ።

«ያ ልጅ»! ይህችን ሲሰማ የገዳሙ አንጀት እርር ይላል።

ልጁ ባለጌ ቢሆን ኖሮ እኮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ሰድቦት፣ ተጣልቶት፣ ይገላገለው ነበር። ግን ምን ይበለው? ጠዋት ሲገባ ከመቀመጫው ብድግ ይልለታል፣ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ብሎ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ ቱታውን ከመስቀያው አውርዶ ያቀብለዋል። አንድ ቀን ገዳሙ መኪና የሚያነሳበት አሮጌ ክሪክ ዘይት ሲያንጠባጥብ አይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው ፈትቶ ያረጀውን ጎሚኒ፣ የጎማ ቀለበቱን፣ ቀይሮለት ተገኘ። ገዳሙ «ተባረክ» አለው። ከዚያ ሽንት ቤት ገባና በሩን ዘግቶ ግድግዳውን በጡጫ መታው። ጣቱ ሳምንት አበጠበት።

የጋራዡ ባለቤት ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። ባላቸው ጋሽ አወቀ ካረፉ ስምንት ዓመት ሆነ። ቤታቸው ከጋራዡ ጀርባ ስለሆነ ለሠራተኛው ምሳ ራሳቸው ያመጣሉ፤ ትሪውን አስቀምጠውም ሁልጊዜ «ገዳሙ፣ ና ቁረስ» ይሉ ነበር። ከሰኔ ወዲህ ግን «ዓለምነው እጁን ታጥቧል?» ማለት አምጥተዋል። አምስት ጊዜ ብለዋል፤ ገዳሙ ልቅም አድርጎ ይዞታል።

እዚያው ሰኔ ላይ ነው ደግሞ ሁሉንም ሰብስበው፣ ጉልበታቸው እምቢ እንዳላቸውና ከመስከረም በኋላ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ እንደሚሄዱ የነገሯቸው። «ጋራዡን ከእናንተ አንዱ ይይዝልኛል። ማን እንደሆነ አስቤ እነግራችኋለሁ» አሉ። አስቤ! ገዳሙ ከዚያች ቃል ጋር ሁለት ወር ታገለ። እሱ እያለ ምኑ ነው የሚታሰበው? ጋሽ አወቀን በገዛ እጁ የገነዘው እሱ አይደለም እንዴ?

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ የአቶ መንግስቱ ነጭ መኪና ኋላዋ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው እየተጎተተች ከበሩ የገባችው።

አቶ መንግስቱ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ የገዳሙ ደንበኛ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመቱ። መኪናዋ ታዲያ እንደሌላው መኪና ከኋላ የብረት ሞላ የላትም። የሚሸከሟት ሁለት ወፋፍራም የጎማ ከረጢቶች ናቸው፤ ውስጣቸው አየር ይሞላል፣ ስትጫን ይነፋሉ፣ ስትቀል ይተነፍሳሉ። የአየር ሞላ ይሉታል። አርጅተው ተሰነጣጥቀዋል። አምና ገዳሙ «ይሄን ፊኛ አውጥተን እንደ ሰው ብረት እናስገባላት» ብሎት ነበር። አቶ መንግስቱ አልወደደም። አሁን አዲሶቹን ከረጢቶች በካርቶን አቅፎ ወረደና ከገዳሙ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ ሲያበቃ፣ ዓይኑን ወደ ውስጥ ወርወር አድርጎ «ያ ልጅ አለ?» አለ።

አቤት! አሥራ ሁለት ዓመት! ገዳሙ ፈገግ ብሎ «አለ፤ ይጠራልሃል» አለው። ፈገግታው ጉንጩ ላይ ደርቆ ቀረ።

ዓለምነው መጣና መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት። «ሲሚንቶው ላይ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ። ሲሚንቶው ግን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ወለል ናት፤ እሷም ላይ ገዳሙ ሞተሯን አውርዶ የዘረገፋት አይሱዙ ተገትራለች። አቶ መንግስቱ ነገ በማለዳ ሉማሜ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ይቁነጠነጣል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ፣ ጠጠራማው ገረጋንቲ አፈር ላይ እንዲሠራ ሆነ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ገረጋንቲው ግን ከላይ ሲያዩት ጠንካራ ነው።

ልጁ ሥራውን ያውቃል፤ ቀናተኛም ቢሆን ገዳሙ ዕውር አይደለም። መጀመሪያ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ከፍታዋን የሚቆጣጠረውን ማብሪያ አጠፋ። «ካልጠፋ ስናነሳት ኮምፒውተሯ ከፍ አልኩ ብላ አየሩን ትለቀዋለች፤ ሥሯ ያለ ሰው ላይ ትቀመጣለች» ብሎ ለአቶ መንግስቱ አስረዳው። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ታኮ ያዛቸው። ክሪኩን እንደ ገዳሙ ልማድ ጎማዎቹን በሚያገናኘው አክስል ሥር ሳይሆን የመኪናዋን አካል በሚሸከመው ሻንሲ ሥር ደግኖ አነሳ፤ አክስሉ ወደ ታች ካልተንጠለጠለ ከረጢቱ አይወጣም። ከዚያ ባለ ሦስት እግር መደገፊያ ብረቶቹን አመጣ። እንዳይሰምጡ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ አነጠፈላቸውና ከሻንሲው ሥር አቆማቸው፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ።

ገዳሙ የቀኙን ሲያይ ክው አለ።

እዚያ ቦታ ላይ፣ ሲሚንቶው ከመሠራቱ በፊት፣ ሠራተኛው ከመኪና ሥር ቆሞ እንዲሠራበት ጋሽ አወቀ ያስቆፈሩት ጉድጓድ ነበር። ውኃ እየሞላ ሲያስቸግር የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ድፈነው ተብሎ የደፈነው ራሱ ገዳሙ ነው። ቸኩሎ ነበር። የዘይት ጣሳ፣ የጎማ ቁራጭ፣ የበሰበሰ ካርቶን፣ ያገኘውን ሁሉ ወረወረበትና ከላይ ሁለት ስንዝር ገረጋንቲ አለበሰው። በክረምት ከባድ መኪና አያስቆምበትም፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እንዴት እንደተደፈነ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ እሱ ነው።

አፉን ከፈተ። «ስማ» ሊል ነበር። በዚያች ቅጽበት ዓለምነው ቀና ብሎ «ጋሼ፣ እርስዎ ይቆሙልኛል?» አለው።

መቆም ማለት የዚህ ጋራዥ ሕግ ነው፤ ጋሽ አወቀ ናቸው ያወጡት። ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ሁሉ ክሪኩ አጠገብ አንድ ሰው ያቆማል። የቆመው አይቀመጥም፣ ስልክ አያነሳም፣ ዓይኑን ከብረቱ ላይ አይነቅልም። ውስጥ ያለው በየጊዜው «አለህ?» እያለ ይጣራል፤ የቆመው «አለሁ» ይላል። «አለሁ» ማለት ሁሉም ነገር በቦታው ነው ማለት ነው። መልስ ከጠፋ ሥር ያለው ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥር የሚገባው ገዳሙ፣ የሚቆሙለት ሌሎች ነበሩ። ዛሬ በአቶ መንግስቱ ፊት፣ በረንዳው ላይ ምስር በሚለቅሙት በወይዘሮ ደብሪቱ ፊት፣ ቁምልኝ ተባለ።

አፉን መልሶ ገጠመ። «እቆማለሁ» አለ።

ክፋቱን አሁን ልንገራችሁ፤ እሱም በኋላ አልደበቀውም። ልጁ እንዲሞት አልፈለገም። ከመግባቱ በፊት ብረቱ ይስመጥ፣ መኪናዋ ዘመም ትበል፣ ሁሉም ይየው፣ አለ በልቡ። አቶ መንግስቱ «ምን ዓይነት ባለሙያ ነው!» ይበል። ወይዘሮ ደብሪቱም ሁለተኛ አያስቡ። ማንም ሳይጎዳ የልጁ ስም ብቻ ይሰበር። ዓለምነው እንደ ደንቡ ከመግባቱ በፊት መኪናዋን በትከሻው ሦስት ጊዜ ገፋት። ገዳሙ «ውደቂ፣ እባክሽ ውደቂ» እያለ በልቡ ጠበቀ። ንቅንቅ አላለችም። ልጁም ጎማዎቹን ፈታ፣ ክሪኩን ከሻንሲው አውጥቶ የተንጠለጠለውን አክስል ደገፈበትና ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ወደ ሥር ገባ።

አሁን ይናገር? አሁን ቢናገር «ታዲያ እስካሁን የት ነበርክ?» ይሉታል።

«አሉ ጋሼ?»

«አለሁ።»

አየሩ ከአሮጌው ከረጢት እየተነፈሰ ሲወጣ ይሰማል። የቀኙ ጣውላ ዳር ላይ ዕንባ የሚያህል ቡናማ ውኃ ብቅ አለ። ገዳሙ አየው። ውኃ ብቻ ነው፤ ሌሊት ዘንቧል፤ ምንም አይደለም አለ።

«አሉ ጋሼ?»

«አለሁ አልኩህ!»

ጣውላው በአንድ በኩል የጣት ወርድ ያህል ዝቅ አለ። በዚህ ጊዜ ከሥር የዓለምነው ድምፅ፣ በሥራው የተደሰተ ሰው ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ይቺን የከረጢቱን የላይኛ መያዣ አንድ ቀን ማየት አለብዎት። ተሸሽጋ፣ ተሸሽጋ! በእርስዎ ጆሮ እንኳ አትገኝም!» አለ። ልጁ ሲያጫውተው ነው። ገዳሙ ግን አቶ መንግስቱ ሲስቅ ሰማ፤ ደሙ ፈላ፤ በዚያች ንዴት ሌላ ጊዜ አለፈ። ስንት ሴኮንድ ነው? እሱ እስከ ዛሬ ብዙ ነበር ይላል።

«አሉ?»

«አለሁ።»

ብረቱ ሲጢጥ አለ።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን አስቦ አላደረገውም። «ውጣ!» ብሎ ጮኸና የልጁን ሁለት ቁርጭምጭሚት ይዞ በሙሉ ጉልበቱ ሳበው። ራሱም ወደ ኋላ በጀርባው ወደቀ። ጣውላው ተገለበጠ፤ ብረቱ በጎኑ ተኛ፤ መኪናዋ በቀኝ በኩል ዷ ብላ ወረደች። ውስጥ የቀረው መፍቻ ተጣሞ ወጣ። የዓለምነው ቱታ ከብብቱ እስከ ወገቡ ተተርትሯል፤ ሰውነቱ ግን ከመጫጫር በቀር ምንም አልሆነ።

ከዚያማ ግቢው ተደበላለቀ። ወይዘሮ ደብሪቱ ምስሩን በትነው «ወይኔ ልጄን!» እያሉ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ መጡ። አቶ መንግስቱ ፊቱ አመድ መስሎ «እግዚአብሔር ነው፣ እግዚአብሔር ነው» ይላል። ዓለምነው በጉልበቱ ድኾ ገዳሙ ወደ ወደቀበት መጣና ጉልበቱን ሳመው። «ሕይወቴን ሰጡኝ ጋሼ» አለ።

ወይዘሮ ደብሪቱ የገዳሙን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔ ደግሞ አስባለሁ እላለሁ! ምኑን ነው የማስበው? ከመስከረም ጀምሮ ጋራዡን የምትይዘው አንተ ነህ። ሁላችሁም ስሙ፤ አበቃ!» አሉ። አቶ መንግስቱ የገዳሙን ትከሻ አቅፎ «እሱ እያለ ሌላ ሰው መጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው» አለ። ዓለምነውም ዕንባውን በክንዱ እየጠረገ «ይገባቸዋል» አለ።

ሁለት ወር የተመኛት ቃል ይኸው መጣች። ገዳሙ ግን ከወደቀበት ሳይነሳ የተገለበጠውን ጣውላ ያያል።

ዓለምነው ትንሽ ሲረጋጋ ነገሩ አልዋጥልህ አለው። «ጣውላው ወፍራም ነበር፤ እንዴት ሊሰምጥ ቻለ?» ብሎ ዲጂኖ አመጣና ብረቱ የነበረበትን ቦታ ወጋ ወጋ አደረገው። ዲጂኖው እስከ ግማሹ ገባ። ቆፈር ሲያደርገው የዛገ ጣሳ ወጣ፤ ቀጥሎ የጎማ ቁራጭ። «ይሄ መሬት አይደለም እኮ! ጉድጓድ ነበር እንዴ እዚህ?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጎንበስ ብለው አዩ። «ወይ ጉዴ! የአወቀ ጉድጓድ! ጭራሽ ከአእምሮዬ ጠፍቶ…» አሉና ወደ ገዳሙ ዞሩ። «አንተ አልነበርክ እንዴ የደፈንከው? አንተም ረሳኸው በለኛ።»

ሁሉም አዩት። ክፉ አስተያየት አልነበረም። «አዎ፣ ረሳሁት» ቢል የሚጠረጥረው አንድም ሰው የለም። ይባስ ብሎ ዓለምነው ራሱ «አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል እኮ እትዬ፤ ይሄን ማን ያስታውሳል?» ብሎ ተከራከረለት። የዳነው ልጅ ሊገድለው ለነበረው ሰው ጠበቃ ቆመ። ገዳሙ ይህን መሸከም አልቻለም።

«አልረሳሁም» አለ።

«ምን አልክ?»

«አልረሳሁም እትዬ። ብረቱን ሲያቆም አይቻለሁ። ልናገር ነበር፤ ተውኩት። ይስመጥና ይዋረድ ብዬ ነው የተውኩት። ቀናሁበት። ያ ልጅ፣ ያ ልጅ ሲሉብኝ ቀናሁ። እርስዎም ምሳ ላይ እሱን ሲያስቀድሙ ቀናሁ። በቃ ቀናሁ!»

አቶ መንግስቱ እጁን ከገዳሙ ትከሻ ላይ አነሳ። ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ዓለምነው ዲጂኖውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ከዚያ «ስጣራ አለሁ ሲሉኝስ?» አለ።

«ያኔም አውቄ ነው።»

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሦስቱንም።»

ልጁ ዲጂኖውን በቀስታ አስቀመጠና ወደ ቧንቧው ሄደ። ፊቱን ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ። ወይዘሮ ደብሪቱ «ቅድም ያልኩህን እርሳው ገዳሙ። አፌን ቆርጬ ልጣለው» ብለው በረንዳቸው ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ገዳሙ ቱታውን መፍታት ጀመረ፤ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው። ምን ፊት አለውና ይቆማል?

ዓለምነው ሲመለስ ግን «የት ነው?» አለው። «አይሱዙዋን እንግፋ። ይቺ መኪና ሲሚንቶው ላይ ትውጣ።»

ገፏት። ነጯን በትልቁ ክሪክ አንስተው ጎማዎቿን መለሱላትና እሷንም ገፍተው ሲሚንቶው ላይ አወጧት። ዓለምነው እንደገና ማብሪያውን አየ፣ እንደገና ታኮ አደረገ፣ እንደገና በሻንሲው አንስቶ ብረቶቹን አቆመ። መኪናዋን በትከሻው ሦስት ጊዜ ገፋት። ጎማዎቹን ፈታ፣ ክሪኩን አክስሉ ሥር አዞረ። ካርቶኑን አነጠፈና ሊተኛበት ጎንበስ ብሎ መልሶ ቀና አለ። ከካርቶኑ ዘወር ብሎ ለገዳሙ ቦታ ለቀቀ።

«እኔ ዛሬ ከመኪና ሥር አልገባም፤ አልችልም» አለ። «ሥራው ግን ማለቅ አለበት። እርስዎ ይግቡ። እኔ እቆማለሁ።»

«ተው ልጄ!» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ ከበረንዳው። ለማን እንደፈሩ አልታወቀም።

ገዳሙ በጀርባው ተኝቶ ገባ። ሃያ ሁለት ዓመት ገብቷል፤ እንዲህ ፈርቶ ግን አያውቅም። ብረቱ ሁሉ ደረቱ ላይ ያንዣብባል። ከዓለምነው የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በልቡ ምን ሊያስብ እንደሚችል ከማርቆስ ሰው ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነው። ጫማው አይንቀሳቀስም። ገዳሙ የላይኛውን መያዣ በዳበሳ ቢፈልግ አጣው፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እንዳይጣራ ደግሞ አፈረ።

«ቀኝ እጅዎን ከፍ ያድርጉ» አለ ከላይ የዓለምነው ድምፅ። ደረቅ ነበር፤ ጭካኔ ግን አልነበረበትም። «ክብ ነገር ይነካዎታል።»

«ነካኝ።»

«ሁለት ጆሮ አላት። በሁለት ጣት ጨመቅ አድርገው ወደ ራስዎ ይሳቧት።»

ሳባት። ቀጭ ብላ ወጣች። ገዳሙ መያዣዋን እንደጨበጠ፣ ማንም በማያየው ቦታ ላይ፣ ዕንባው በጆሮ ግንዱ ላይ ወደ ካርቶኑ ወረደ።

«ወጣች?» አለ ዓለምነው።

«ወጣች።»

«ጥሩ። አሁን ከረጢቱን በቀስታ ወደ ታች ያውርዱት። ብረቱን እኔ እያየሁት ነው።»